ቀድሞ የሚሠራው ሥራ፦ በኮንቴይነር ዓለም የመነሻ ዝግጅት ታሪክ

አንድ ፕሮግራም ለተጠቃሚ በሩን ከመክፈቱ በፊት መሰናዳት ያለበት ነገር አለ። የዳታቤዙ ሰንጠረዦች መፈጠር፣ የመጀመሪያው የአስተዳዳሪ አካውንት መከፈት፣ የምስጢር ቁልፎች በቦታቸው መቀመጥ አለባቸው። አዲሱ ስሪት አዲስ ዓምድ የሚፈልግ ከሆነ ዓምዱ ቀድሞ ሊጨመር ይገባል። ይህ ሥራ ከአገልግሎቱ የተለየ ጠባይ አለው። አገልግሎት አንዴ ከተነሣ ሳያቋርጥ ይሠራል፤ ዝግጅት ግን ይጀመራል፣ ያልቃል፣ ይወጣል። አገልግሎት ቢቆም ችግር አለ ማለት ነው። ዝግጅት ደግሞ ችግር የሚሆነው አልቆም ሲል ነው።

ይህን ልዩነት ተቀብሎ ለዝግጅት የራሱን ቦታ መስጠት ቀላል ይመስላል። ሆኖም የኮንቴይነር ዓለም እዚያ ለመድረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቶበታል፤ መንገዱም በብዙ መሐንዲሶች የእንቅልፍ ማጣት የተጠረገ ነው። ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ ማወቅ ዛሬ ሲስተም ለሚያሰናዳ ሰው ይጠቅማል። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የዩኒክስ ውርስ

በ1979 ቤል ላብስ ሰባተኛውን የዩኒክስ ስሪት ሲያወጣ፣ በውስጡ ኋላ የሚገናኙ ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ሲኤችሩት የተባለው ትእዛዝ ነው፤ አንድን ፕሮግራም ከተወሰነ የፋይል ማውጫ ውጪ እንዳያይ ያደርገዋል። የኮንቴይነር ሐሳብ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይጀምራል። ሁለተኛው ኢኒት ነው። ማሽኑ ሲነሣ ከሁሉ ቀድሞ የሚጀምረው፣ ቁጥር አንድ የተሰጠው ፕሮሰስ እርሱ ነው። ኢኒት የማሽኑን መሰናዶ አርሲ በሚባል ስክሪፕት አማካይነት ያከናውናል፤ መሰናዶው ሲያልቅ ተጠቃሚዎች መግባት ይችላሉ።

ይህ ቅደም ተከተል በሠላሳ ዓመት ውስጥ ብዙ ተሻሻለ። በ2010 ሌናርት ፖተሪንግና ኬይ ሲቨርስ ያቀረቡት ሲስተምዲ ለዝግጅት ሥራ ዋንሾት የተባለ የራሱ ዓይነት ሰጠው፦ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አገልግሎት ማለት ነው። እርሱን ተከትሎ እንዲነሣ የታዘዘ ሌላ አገልግሎት ዋንሾቱ እስኪጨርስ ይጠብቃል። በአንድ ማሽን ላይ ጥያቄው በዚህ መልክ ተመልሶ ነበር።

በጎን ደግሞ ፕሮሰሶችን ከፋፍሎ የማስቀመጡ ጥረት ቀጥሏል። በ2000 የፍሪቢኤስዲ ጄይል ወጣ። በ2006 የጉግል መሐንዲሶች ፖል ሜኔጅና ሮሂት ሴት የማሽን ሀብትን በቡድን የሚያከፋፍል ሥራ ጀመሩ፤ ሲግሩፕስ ተብሎ በጥር 2008 ወደ ሊነክስ ከርነል ገባ። በዚያው ዓመት ኤልኤክስሲ የተባለው የሊነክስ ኮንቴይነር መሣሪያ ተከተለ። ለኮንቴይነር የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶ የቀረው አመቺ መጠቅለያ ብቻ ነበር።

የተሠራውን የሚያስታውስ ዝግጅት

በሌላ ጎራ የዳታቤዝ ሰዎች የራሳቸው ጭንቀት ነበረባቸው። ኮዱን መቀየር ቀላል ነው፤ አሮጌው ይጣላል፣ አዲሱ ይተካል። ዳታ ግን አይጣልም። በ2003 ማርቲን ፋውለርና ፕራሞድ ሳዳላጅ የዳታቤዝ ንድፍ ከኮዱ ጋር አብሮ በጥቂት በጥቂቱ ሊያድግ እንደሚችል የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጡ። ሐሳቡን በየገንቢው ጠረጴዛ ላይ ካደረሱት ውስጥ ዋነኛው ግን በ2004 ዴንማርካዊው ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን ለሕዝብ ያቀረበው ሩቢ ኦን ሬይልስ ነው።

የሬይልስ ማይግሬሽን አሠራሩ ግልጽ ነበር። እያንዳንዱ የዳታቤዝ ለውጥ ተራ ቁጥር ያለው አንድ ትንሽ ፋይል ይሆናል። በዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ሰንጠረዥ እስከ ስንተኛው ፋይል እንደተሠራ ትይዛለች። ትእዛዙ በድጋሚ ሲሰጥ የተሠራው ይዘለላል፤ የሚፈጸመው ያልተሠራው ብቻ ነው። ቆይቶ ሁለት ገንቢዎች በየፊናቸው አንድ ዓይነት ቁጥር የያዘ ፋይል እየፈጠሩ መጋጨት ስለጀመሩ፣ በ2008 የወጣው ሬይልስ 2.1 ተራ ቁጥሩን ትቶ ፋይሉ በተፈጠረበት ሰዓት መሰየም ጀመረ። ሰንጠረዧም የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ መያዟ ቀርቶ የተሠሩትን ሁሉ መመዝገብ ያዘች። በ2006 ሊኪቤዝ፣ በ2010 ፍላይዌይ፣ በ2014 ደግሞ ጃንጎ 1.7 ይዞት የመጣው አብሮገነብ ማይግሬሽን በዚሁ መንገድ ሄዱ።

ከዚህ የተገኘው ትልቅ ቁም ነገር ዝግጅት የሠራውን ማስታወስ መቻሉ ነው። ይህ ትውስታ በዳታቤዙ ውስጥ ባይኖር ኖሮ፣ ኋላ ኮንቴይነሮች በየደቂቃው ሲወለዱና ሲሞቱ ማን ምን እንደሠራ የሚያውቅ አይገኝም ነበር።

በ2011 ከደመና አገልግሎት ሰጪው ከሄሮኩ መሥራቾች አንዱ የሆነው አዳም ዊጊንስ በደመና ላይ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሊከተሏቸው የሚገቡ አሥራ ሁለት መርሖችን ጻፈ። አሥራ ሁለተኛው የአስተዳደር ሥራን ይመለከታል፦ ማይግሬሽንና መሰል ሥራዎች ለብቻቸው ተነሥተው የሚያልቁ ፕሮሰሶች ይሁኑ፤ ከዋናው ፕሮግራም ጋር ግን ያንኑ ኮድና ያንኑ ቅንብር ይጠቀሙ። መርሑ በቂ ነበር። ተግባሩ ግን ብዙ ቆየ።

ዶከርና የመግቢያው ስክሪፕት

በመጋቢት 2013 ሰለሞን ሃይክስ በካሊፎርኒያ ሳንታ ክላራ በተካሄደው የፓይተን ጉባኤ ላይ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዶከርን አሳየ። ፕሮግራሙ ከነሚያስፈልገው ሁሉ በአንድ ኢሜጅ ይጠቀለላል፤ በየትኛውም የሊነክስ ማሽን ላይ በአንድ ትእዛዝ ይነሣል። ዓለም በፍጥነት ተቀበለው።

ዶከር ግን አንድ ነገር በር ላይ አስቀርቶ ነበር። ኮንቴይነር በተለመደው አሠራሩ ውስጡ ሲስተምዲ የለም። ቁጥር አንድ ፕሮሰስ ራሱ ፕሮግራሙ ነው። የዩኒክስ ሰዎች በሠላሳ ዓመት የገነቡት "መጀመሪያ ይህ፣ ቀጥሎ ያ" የሚል ሥርዓት አብሮ አልገባም። ኮንቴይነሩ ሲወገድ በውስጡ የተጻፈው ሁሉ አብሮ ስለሚጠፋ ደግሞ፣ ድሮ አስተዳዳሪው ሰርቨሩ ላይ ገብቶ አንድ ጊዜ በእጁ የሚሠራው ዝግጅት ዋጋ አጣ።

ክፍተቱን የሞላው የመግቢያው ስክሪፕት፣ ኢንትሪፖይንት ነው። ኮንቴይነሩ ሲነሣ መጀመሪያ ይህ የሼል ስክሪፕት ይጀምራል። የቅንብር ፋይሉን ይጽፋል፣ ዳታቤዙ መኖሩን ያያል፣ ማይግሬሽኑን ይፈጽማል፤ በመጨረሻው መስመር ላይ ኤግዜክ ብሎ ቦታውን ለዋናው ፕሮግራም ይለቅቃል። ያች ኤግዜክ የምትባል አንዲት ቃል ብዙ ሰው አስቸግራለች። ከተረሳች ሼሉ ቁጥር አንድ ፕሮሰስ እንደሆነ ይቀራል፤ "አቁም" የሚለው ምልክት ለሼሉ ይደርስና ለፕሮግራሙ ሳይተላለፍ ይቀራል። ዶከር አሥር ሰከንድ ይጠብቅና ሁሉንም በግድ ይገድላል። ያኔ ፕሮግራሙ በእጁ የያዘውን ሥራ የሚጨርስበት ጊዜ አያገኝም።

የዚህ ዘመን አሠራር ከነጥቅሙና ከነጉዳቱ በግልጽ የሚታየው በፖስትግረስ ኢሜጅ ላይ ነው። ኢሜጁ ኢኒትዲቢ የሚባል ማውጫ አለው። በዚያ የተቀመጡ የኤስኪውኤልና የሼል ስክሪፕቶች በስማቸው ቅደም ተከተል ይፈጸማሉ፤ ሰንጠረዥ ይፈጥራሉ፣ ተጠቃሚ ይጨምራሉ። ሆኖም ይህ የሚሆነው የዳታው ማውጫ ባዶ ከሆነ ብቻ ነው። አዲስ ምጣድ አንዴ ከተሟሸ እንደማይደገም ሁሉ፣ ዳታ ያለበት ዳታቤዝም እንደገና አይዘጋጅም።

ለአዲስ ገንቢ መደናገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማውጫው ውስጥ አዲስ ስክሪፕት ይጨምራል፤ ኮንቴይነሩን ያጠፋል፣ ያስነሣል፤ ምንም አይለወጥም። ኤረርም የለም። ምክንያቱ ኮንቴይነሩ አዲስ ቢሆንም ዳታው ከኮንቴይነሩ ውጪ የሚቀመጥበት ቮልዩም የትናንቱ መሆኑ ነው። ከዚህ የከፋ ደግሞ አለ። ከስክሪፕቶቹ አንዱ መሐል ላይ ከወደቀ ኮንቴይነሩ ይቆማል። አስተናባሪው ሲስተም መልሶ ሲያስነሣው የዳታው ማውጫ ባዶ ስላልሆነ የቀሩት ስክሪፕቶች ይዘለላሉ። ዳታቤዙ ጤነኛ መስሎ ይነሣል፤ ግማሹ ሰንጠረዥ ግን የለም። የኢሜጁ መመሪያ ይህን በግልጽ ያስጠነቅቃል። "ባዶ ነው ወይ?" የሚለው ጥያቄ "ጨርሷል ወይ?" የሚለውን እንደማይተካ ብዙዎች የተማሩት እዚህ ነው።

ማን ማንን ይጠብቅ?

በ2014 ዶከር ፊግ የተባለውን መሣሪያ ከነፈጣሪው ኩባንያ ገዛ፤ በየካቲት 2015 ኮምፖዝ ተብሎ ወጣ። ብዙ ኮንቴይነሮችን በአንድ ፋይል ገልጾ በአንድ ትእዛዝ ማስነሣት ተቻለ። በ2016 የመጣው ሁለተኛው የፋይሉ አጻጻፍ ደግሞ አንዱ አገልግሎት በሌላው ላይ እንደሚደገፍ መግለጽ ፈቀደ።

ድጋፉ ግን የአነሣስ ቅደም ተከተል ብቻ ነበር። ኮምፖዝ የዳታቤዙን ኮንቴይነር ያስነሣል፤ ወዲያው ፕሮግራሙን ያስከትላል። ፖስትግረስ ግንኙነት መቀበል እስኪጀምር ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል፤ ፕሮግራሙ በዚያች ክፍተት ይደርስና "ግንኙነት ተከልክሏል" ተብሎ ይወድቃል። ስለዚህ በየፕሮጀክቱ "ጠብቅ" የሚሉ ትናንሽ ስክሪፕቶች ተበራከቱ፤ ዌይት-ፎር-ኢት የሚባለው በሰፊው ተሰራጨ። የሚያደርገው የዳታቤዙን ፖርት እየደጋገመ ማንኳኳት፣ ሲከፈት ደግሞ ፕሮግራሙን ማስነሣት ነው። ችግሩ የፖርት መከፈት የሰንጠረዦችን መኖር አለማረጋገጡ ነው።

በዚያው በ2016 ዶከር 1.12 የጤና ምርመራን ጨመረ። ቀጥሎ የመጣው የኮምፖዝ አጻጻፍ "ጤነኛ እስኪሆን ጠብቅ" ማለትን ፈቀደ፤ ሦስተኛው ስሪት ግን ይህንኑ መልሶ አስወገደው። ሐሳቡ ተመልሶ የመጣው ኮምፖዝ በ2020 ክፍት ስታንዳርድ ከሆነ በኋላ ነው። በ2021 ደግሞ የጎደለው ተጨመረ፦ "ያኛው ሥራውን በተሳካ ሁኔታ ሲጨርስ ይህን አስነሣ"። ማይግሬሽኑ ራሱን የቻለ ኮንቴይነር ሆኖ ይነሣል፣ ይጨርሳል፣ ይወጣል፤ ፕሮግራሙ ከዚያ በኋላ ይከተላል። ሲስተምዲ በአንድ ማሽን ላይ የፈታው እንቆቅልሽ ለኮንቴይነሮች በዚህ አጭር ቃል የተፈታው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው።

ኩበርኔቲስና ጆብ

ኮንቴይነሮችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተናብረው ኩበርኔቲስ በሰኔ 2014 ሲታወጅ፣ ጉግል በውስጡ ቦርግ በተባለ ሲስተም ለዓመታት ያካበተውን ልምድ ይዞ ነበር። ቦርግ ሁልጊዜ የሚሠሩ አገልግሎቶችንና ሠርተው የሚያልቁ ሥራዎችን ጎን ለጎን ያስተናግድ ነበር። አዲሱ ኩበርኔቲስ ግን መጀመሪያ ላይ ትኩረቱ የተፈለገውን ያህል ቅጂ በሕይወት ማቆየት ላይ ነበር። እንዲህ ላለው ተቆጣጣሪ ሥራውን ጨርሶ የወጣ ፕሮሰስ የሞተ ፕሮሰስ ነው፤ መልሶ ያስነሣዋል።

በኅዳር 2015 የወጣው ስሪት 1.1 ጆብን ይዞ መጣ፤ በመጋቢት 2016 በስሪት 1.2 ጸና። ጆብ ፖድ፣ ማለትም አንድ ወይም ከዚያ በላይ ኮንቴይነሮችን አብሮ የያዘ ክፍል፣ ፈጥሮ በስኬት እስኪወጣ ይከታተላል። ፖዱ ከወደቀ አዲስ ይተካል፤ በሙከራዎች መካከል ያለው ቆይታ ከአሥር ሰከንድ ጀምሮ በእጥፍ ያድጋል፣ ከስድስት ደቂቃ ግን አያልፍም። ገደብ ካልተሰጠው በኋለኞቹ ስሪቶች ከስድስት ድጋሚ ሙከራ በኋላ "አልተሳካም" ብሎ ያቆማል።

በሐምሌ 2016 ደግሞ ስሪት 1.3 ኢኒት ኮንቴይነርን በሙከራ ደረጃ አቀረበ፤ በመጋቢት 2017 በስሪት 1.6 መደበኛ የፖድ አካል ሆነ። በአንድ ፖድ ውስጥ ኢኒት ኮንቴይነሮች በተራ በተራ ይነሣሉ፤ አንዱ ሳይሳካለት ቀጣዩ አይነሣም፤ ሁሉም ሳይጨርሱ ዋናው ፕሮግራም አይጀምርም። በመግቢያው ስክሪፕት ውስጥ ተደባልቆ የነበረው ዝግጅት ተለይቶ ወጣ። የራሱ ኢሜጅ፣ የራሱ ሎግ፣ የራሱ ፈቃድ ኖረው።

ብዙ ቡድኖች ደስ ብሏቸው ማይግሬሽናቸውን ወደ ኢኒት ኮንቴይነር አዛወሩ። ስህተቱ የሚገለጠው ቅጂዎች ሲበዙ ነው። ሦስት ፖዶች እኩል ይነሣሉ እንበል። የሦስቱም ኢኒት ኮንቴይነሮች የማይግሬሽን ሰንጠረዧን ያነባሉ፤ ሦስቱም አዲሱ ለውጥ እንዳልተሠራ ያያሉ፤ ሦስቱም ዓምድ መጨመር ይጀምራሉ። አንዱ ይሳካለታል፤ ሁለቱ "ዓምዱ አስቀድሞ አለ" ተብለው ይወድቃሉ። ዓምድ መጨመር ከሆነ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ዳታ ማዘዋወር ከሆነ ግን ያው መዝገብ ሁለት ጊዜ ሊገባ ይችላል። በ2016 የወጣው ሬይልስ 5 ማይግሬሽን ሲጀምር በዳታቤዙ ላይ ቁልፍ መያዝ የጀመረው እንዲህ ያለውን እሽቅድምድም ለማስቀረት ነው። ቁልፉን የያዘው ብቻ ይሠራል።

ስለዚህ የሥራ ክፍፍሉ እየጠራ መጣ። ለእያንዳንዱ ፖድ የሚያስፈልግ ዝግጅት፣ ለምሳሌ ፋይል ማውረድ ወይም ቅንብር መጻፍ፣ ለኢኒት ኮንቴይነር ይሰጣል። ለመላው ሲስተም አንድ ጊዜ የሚያስፈልገው ደግሞ ለጆብ።

የሄልም መንጠቆዎች

ጆብ ግን ብቻውን ቅደም ተከተል አያውቅም። ጆቡና አዲሱ የፕሮግራም ስሪት አብረው ቢላኩ ኩበርኔቲስ አንዱን ለአንዱ አያስጠብቅም። ይህን የያዘው ሄልም የተባለው የኩበርኔቲስ ጥቅል መጫኛ ነው። ሄልም በኅዳር 2015 በሳን ፍራንሲስኮ በተካሄደው የመጀመሪያው የኩበርኔቲስ ጉባኤ ላይ ተዋወቀ፤ ሁለተኛው ስሪቱ ሁክ የሚባሉ መንጠቆዎችን ይዞ መጣ። ጆቡ ላይ "ከማሻሻል በፊት" የሚል ምልክት ከተደረገ ሄልም ጆቡን ልኮ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ከወደቀም ማሻሻሉን ያቆማል። አሮጌው ስሪት ተጠቃሚን ማገልገሉን ይቀጥላል። ቆይቶም አርጎ ሲዲ የተባለው መሣሪያ ተመሳሳይ ቅደም ተከተል በራሱ መንገድ አመጣ።

መንጠቆዎቹም ወጥመድ ነበራቸው። ዳታቤዙ በዚያው የሄልም ጥቅል ውስጥ ካለ፣ "ከመጫን በፊት" የተባለው ጆብ ገና ያልተጫነ ዳታቤዝ ይጠብቃል፤ ዳታቤዙ ደግሞ ጆቡ እስኪያልቅ አይጫንም። ጆቡን "ከተጫነ በኋላ" ወደሚለው ማዛወርም ሁልጊዜ አያድንም። ሄልም ሁሉም ነገር ዝግጁ እስኪሆን እንዲጠብቅ ከታዘዘ፣ ፕሮግራሙ ሰንጠረዥ ስለሌለው ዝግጁ አይሆንም፤ ሰንጠረዡን የሚፈጥረው ጆብ ደግሞ ፕሮግራሙ ዝግጁ እስኪሆን አይላክም። ሁለቱ ተፋጠው ይቆዩና ሰዓቱ ያልቃል።

ከሄልም ውጪ ጆብን በቀጥታ የላኩትም ሌላ ግድግዳ ገጠማቸው። የተፈጠረ ጆብ የፖድ መግለጫው አይለወጥም። በአዲሱ ስሪት የኢሜጁን ቁጥር ቀይሮ በዚያው ስም መላክ "ይህ መስክ አይቀየርም" የሚል ኤረር ያመጣል። መፍትሔው አሮጌውን መሰረዝ ወይም የስሪቱን ቁጥር በጆቡ ስም ውስጥ ማስገባት ሆነ። ያለቁ ጆቦች ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ራሳቸው እንዲጠፉ የሚያደርገው ቅንብር በ2018 በሙከራ ቀርቦ በታኅሣሥ 2021 በስሪት 1.23 ጸና።

የማይወጣው ጎረቤት

በግንቦት 2017 ጉግል፣ አይቢኤምና ሊፍት ኢስቲዮን አስተዋወቁ። ኢስቲዮ በእያንዳንዱ ፖድ ውስጥ ከፕሮግራሙ ጎን አንድ ረዳት ፕሮክሲ ኮንቴይነር ያስቀምጣል፤ የፖዱ የኔትወርክ ግንኙነት በእርሱ በኩል ያልፋል። ለአገልግሎት ይህ መልካም ነበር። ለጆብ ግን አስቸጋሪ ሆነ። ማይግሬሽኑ በደቂቃ ያልቃል፤ ፕሮክሲው ግን ሥራው መቆየት ስለሆነ ይቆያል። ፖዱ የሚያልቀው ሁሉም ኮንቴይነሮች ሲወጡ ነውና ጆቡ "በሥራ ላይ" እንደተባለ ይቀራል፤ እርሱን የሚጠብቀው ማሻሻልም ይታገታል።

ሰዎች በየበኩላቸው መላ ፈጠሩ። ከታወቁት አንዱ ማይግሬሽኑ ሲያልቅ "ክዊትክዊትክዊት" በተባለ አድራሻ ፕሮክሲውን "በቃህ፣ ውጣ" ብሎ ማዘዝ ነበር። ትክክለኛው መፍትሔ በኩበርኔቲስ ማኅበረሰብ ውስጥ ለዓመታት ሲመከርበት ቆይቶ በነሐሴ 2023 በስሪት 1.28 በሙከራ ደረጃ መጣ፤ በሚያዝያ 2025 በስሪት 1.33 ጸና። መልኩ አስደናቂ ነው፦ ረዳቱ ኮንቴይነር "ሁልጊዜ ይነሣ" የሚል ደንብ ያለው ኢኒት ኮንቴይነር ሆኖ ይጻፋል። ከዋናው ቀድሞ ይነሣል፤ ዋናው ሲያልቅ አብሮ ይቆማል፤ የፖዱን መጨረስም አያግድም። ማለቅ ያለበትንና ማለቅ የሌለበትን ሥራ ሲስተሙ በአንድ ፖድ ውስጥ ለይቶ ማወቅ የቻለው ያኔ ነው።

የጸናው ትምህርት

የኩበርኔቲስ መመሪያ ስለ ጆብ የሚናገረው አንድ ነገር አለ፤ ዲፕሎይ የሚያደርግ ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል። ጆቡ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በአንድ ፖድ ብቻ እንዲሠራ ቢታዘዝም እንኳ፣ ያው ፕሮግራም አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ሊነሣ ይችላል። ማሽን ከኔትወርክ ይቆረጣል፤ ሲስተሙ ፖዱ ሞተ ብሎ ሌላ ይፈጥራል፤ የመጀመሪያው ግን በዚያ በተቆረጠው ማሽን ላይ አሁንም እየሠራ ሊሆን ይችላል። "አንድ ጊዜ ብቻ" የሚል ዋስትና ከአስተናባሪው አይገኝም።

ስለዚህ ዋስትናው ከሥራው ከራሱ መምጣት አለበት። ሰንጠረዡ ከሌለ ይፈጠር፤ ካለ ይለፍ። አካውንቱ ካለ በላዩ ሌላ አይከፈት። የዳታ ለውጡ በአንድ ትራንዛክሽን ውስጥ ይሁን፤ ወይ ሙሉ ይግባ፣ ወይ ከነጭራሹ አይግባ። ማይግሬሽኑ ቁልፍ ይዞ ይሥራ፤ የሠራውንም ይመዝግብ። አሮጌው ስሪት ገና እያገለገለ ሳለ ዓምድ አይሰረዝ፤ አዲሱ ይጨመር፣ ሁለቱ ስሪቶች ጎን ለጎን ይኑሩ፣ አሮጌው ዓምድ የሚጠቀምበት ሲጠፋ በሌላ ዙር ይወገድ።

መሣሪያዎቹ ከአርሲ ስክሪፕት እስከ ስሪት 1.33 ድረስ ብዙ ተለዋውጠዋል፤ ወደፊትም ይለወጣሉ። እያንዳንዱ መሣሪያ ዝግጅት መቼ እንደሚጀመርና ማን እንደሚጠብቀው በተሻለ መንገድ መልሷል። ሁለት ጊዜ ቢሠራ ምን ይሆናል የሚለውን ግን አንዳቸውም ለኛ አልመለሱልንም፤ ሊመልሱልንም አይችሉም። ያ መልስ የሚጻፈው በገንቢው እጅ፣ ማይግሬሽኑ ከመላኩ በፊት ነው። አዲስ ጆብ የሚጽፍ ሰው ወደ ዋናው ሲስተም ከመላኩ በፊት በሙከራ ዳታቤዝ ላይ ሁለት ጊዜ ያስኪደው፤ ሦስተኛውን ደግሞ መሐል ላይ ገድሎ እንደገና ያስነሣው። ከዚህ ፈተና የተረፈ ዝግጅት በየትኛውም መሣሪያ ቢላክ ሰው ያምነዋል።